መልክና ዝምድና፤ ስለ ሐይቅና ወንዝ ዓሦች አመዳደብ የቀረበ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ ዓሣ የሚመድብ ሰው ከሥራ ሰዓቱ አብዛኛውን የሚያሳልፈው በመቁጠር ነው። በአልኮል የቆየ ዓሣ ከፊቱ ሳህን ላይ ይጋደማል፤ ሰውየው በአንድ እጁ መርፌ፣ በሌላው እርሳስ ይዞ፣ ከጭንቅላቱ ኋላ ተነሥቶ በጎኑ በኩል እስከ ጅራቱ ሥር የሚዘልቀውን፣ ዓሣው በሕይወት ሳለ የውኃን ንቅናቄ ያዳምጥበት የነበረውን መስመር ተከትሎ ቅርፊቶቹን አንድ በአንድ ይቆጥራል። 28 ላይ ሲደርስ በር የተንኳኳ እንደሆነ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ቀጥሎ የጀርባ ክንፉ ዘንጎች ስንት እንደሆኑ፣ በስንጥቦቹ ቅስት ላይ ተደርድረው ምግብን ከውኃ የሚያጠልሉት ጥቃቅን ዘንጎች ምን ያህል እንደሚርዝሙ ይመዘግባል። ዓሣው ካርፕ ከተባለው የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ዘመዶች አንዱ ከሆነ መንጋጋው ላይ ጥርስ ስለማያገኝ ጉሮሮውን ከፍቶ፣ እዚያ የተደበቁት ጥርሶች በስንት ረድፍ እንደተተከሉ ያያል። አንድን ዓሣ በዚህ መልክ ጨርሶ ለመመዝገብ ግማሽ ቀን ቢወስድ የሚገርም አይደለም።

ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ይህ ሁሉ ቁጥርና ልክ ስለ ምን እንደሚመሰክር ነው። ለብዙ ዘመን የተሰጠው መልስ ስለ ዝምድና ይመሰክራል የሚል ነበር፤ የሚመሳሰሉት ዘመዳሞች ናቸው፣ የማይመሳሰሉት ባዕዳን ናቸው ማለት ነው። የእኔ አቋም ግን የዓሣ መልክ በመጀመሪያ የሚናገረው ስለ እንጀራው ነው የሚል ነው፤ ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚኖር፣ ከማን እንደሚሸሽ ይናገራል። ስለ ዘር ሐረጉ የሚናገረው አንዳንዴ ብቻ ነው፤ የትኛው የአካል ክፍል ስለ የትኛው እንደሚመሰክር መለየትም የሙያው ዋና ጣጣ ሆኖ እስከ ዛሬ ዘልቋል። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ላሳውቅ።

ይህ ችግር በባሕር ዓሦችም ላይ አለ፤ በሐይቅና በወንዝ ዓሦች ላይ ግን ይበረታል፤ ምክንያቱም ከመኖሪያቸው ጠባይ ይመነጫል። በዓለም ካለው ውኃ ውስጥ ጨው የሌለበት የሐይቅና የወንዝ ውኃ ድርሻ ከአስር ሺህ አንድ እጅ ገደማ ነው፤ ሆኖም እስካሁን ከታወቁት ከ36,000 የሚበልጡ የዓሣ ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ የሚኖሩት እዚያ ነው። በዚህ ውኃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ ደሙ ከከበበው ውኃ ይልቅ ጨው የበዛበት ስለሆነ ውኃው ሳያቋርጥ ወደ ሰውነቱ ይሰርጋል፤ ኩላሊቱ ቀጭን ሽንት እያመረተ ያስወጣዋል፣ ስንጥቡም የጠፋውን ጨው ከውኃው መልሶ ይለቅማል። የባሕር ዓሣ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ባሕሩን ይጠጣል፣ ጨውን ያስወጣል። በመሆኑም ለአብዛኞቹ የወንዝ ዓሦች ባሕር ድንበር ነው፤ ፏፏቴና ተራራም እንዲሁ። እያንዳንዱ ሐይቅና የወንዝ ተፋሰስ እንደ ደሴት ተነጥሎ ይቀራል፤ በየደሴቱም ተመሳሳይ ሥራ ክፍት ሆኖ ይጠብቃል፤ አልጌ የሚግጥ፣ ቀንድ አውጣ የሚሰብር፣ ሌላ ዓሣ የሚያድን ያስፈልጋል። ተመሳሳይ ሥራ ደግሞ፣ ሠራተኞቹ የተለያዩ ቢሆኑም፣ ተመሳሳይ አፍ ይቀርጻል።

የዓሣ ምደባ በሥርዓት የተጀመረው በስዊድናዊው ፒተር አርቴዲ ነው። አርቴዲ በ1735 አምስተርዳም ውስጥ ቦይ ገብቶ ሕይወቱ ሲያልፍ የዓሣ ጥናቱ ገና በእጅ ጽሑፍ ላይ ነበር፤ ጓደኛው ካርል ሊኔየስ በ1738 አሳተመለት። ሊኔየስ ራሱ በ1758 ለእንስሳት ሁሉ ባለ ሁለት ቃል ስም ሲሰጥ ሻርክን ከዓሣ ለይቶ ከእንቁራሪትና ከእባብ ጋር መድቦት ነበር። በእርሱ መፍረድ ይቀለናል፤ ግን ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላም ግራ መጋባቱ እንዳለ ነበር። በ1837 የኦስትሪያው ሊዮፖልድ ፊትሲንገር ከብራዚል የመጣን፣ እንደ እባብ የረዘመና በሳንባ የሚተነፍስ ፍጡር ሲሰይም ከዓሣ አልቆጠረውም። ከሁለት ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው ሪቻርድ ኦወን የአፍሪካውን ዘመዱን መርምሮ ዓሣ ነው አለ። በ1870 ደግሞ ጌራርድ ክሬፍት የአውስትራሊያውን ሲያገኝ ግዙፍ አምፊቢያን፣ ማለትም የእንቁራሪት ወገን፣ ብሎ አቀረበው። ዛሬ ባለ ሳንባ ዓሦች የምንላቸው እነዚህ ስድስት ዝርያዎች ናቸው፤ አራቱ በአፍሪካ፣ አንዱ በደቡብ አሜሪካ፣ አንዱ በአውስትራሊያ።

የክርክሩ ውጤት ከሁለቱም ወገን ግምት የወጣ ሆነ። ጀርመናዊው የነፍሳት ተመራማሪ ቪሊ ሄኒግ በ1950 ያቀረበው መርሕ አንድ የምደባ ክፍል የአንድን ቅድመ አያት ዘሮች በሙሉ መያዝ አለበት፣ ዘመዳምነትም የሚታወቀው በጋራ በያዙት አዲስ ባሕርይ እንጂ ከጥንት በቆየ መመሳሰል አይደለም የሚል ነበር። በዚህ ሚዛን ሲታይ ባለ ሳንባው ዓሣ ከአምባዛ ይልቅ ለላም ይቀርባል፤ የዘረመል ጥናትም ይህንኑ አጽንቷል። ስለዚህ «ዓሣ» የሚለው ቃል ለገበያና ለድስት በቂ ቢሆንም የዘር ሐረግ ስም መሆን አይችልም፤ አራት እግር ያላቸውን ካላካተትን ቤተሰቡ ጎደሎ ነው። ይህን ስናገር ብዙ ሰው ፈገግ ይላል፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ ፈገግ ብያለሁ።

መልክ ሥራን ብቻ ሲናገር ምን እንደሚመስል ለማየት ከኤሌክትሪክ ዓሦች የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በናይልና በምዕራብ አፍሪካ ወንዞች የሚኖር ጂምናርከስ የተባለ ረጅም ዓሣ አለ። ሃንስ ሊስማን በ1951 እንዳሳወቀው ይህ ዓሣ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ሳያቋርጥ ይለቃል፤ በዙሪያው በሚፈጠረው መስክ ላይ የሚከሰተውን መዛባት እያነበበ በደፈረሰ ውኃ ውስጥ በጨለማ መንገዱን ያውቃል። መስኩን በትክክል ለማንበብ ሰውነቱ ቀጥ ማለት ስላለበት እንደ ሌላ ዓሣ እየተጥመለመለ መዋኘት አይመቸውም፤ ጀርባው ላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋውን አንድ ክንፍ እያርገበገበ ወደፊትም ወደኋላም ይሄዳል። በደቡብ አሜሪካ ወንዞችም እንደዚሁ ኤሌክትሪክ የሚለቁ፣ ጨለማ የሚወዱ፣ ሰውነታቸውን ቀጥ አድርገው የሚሄዱ ዓሦች አሉ፤ ልዩነቱ የሚያርገበግቡት ክንፍ በሆዳቸው በኩል መሆኑ ነው። ሁለቱም ለኤሌክትሪክ አካላቸው የተጠቀሙበት ከጡንቻ የተወሰደ አንድ ዓይነት ዘረመል ነው። በሥራ እንዲህ የሚገጥሙት ሁለቱ ወገኖች ሐረጋቸው የተለያየው ግን ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት ነው።

እንዴት ተለዩ ቢባል፣ በጥቃቅን አጥንቶች ነው። ኤርንስት ቬበር በ1820 እንደገለጸው የካርፕ፣ የአምባዛና የፒራና ዘመዶች ከመጀመሪያዎቹ የጀርባ አከርካሪዎች ተለውጠው የተገኙ ትንንሽ አጥንቶች አሏቸው፤ እነዚህ እንደ ሰንሰለት ተያይዘው የአየር ከረጢቱን ንዝረት ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያደርሳሉ። የደቡብ አሜሪካዎቹ የኤሌክትሪክ ዓሦች ሰንሰለቱ አላቸው፤ የአፍሪካው ጂምናርከስ የለውም። በዓለም ካሉት የሐይቅና የወንዝ ዓሦች ከሦስቱ ሁለት እጅ ገደማው የዚህ ሰንሰለት ባለቤቶች ናቸው። እንዲህ ያለ የተወሳሰበ ነገር በተለያየ ቦታ ደጋግሞ ይፈጠራል ብሎ ማሰብ ስለሚከብድ ምስክርነቱ ይታመናል። አፍና ክንፍ ግን ለሆድ ብለው የሚለዋወጡ ናቸው።

አንዳንዴ ምስክሩ አጥንት ሳይሆን ጠባይ ይሆናል። ቆሮሶ የምንለው የናይል ዓሣ በገበያ ቲላፒያ ይባላል፤ በሳይንስ ስሙ ግን ቲላፒያ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። በብሪታንያ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው ኤተልዊን ትሬዋቫስ ቲላፒያ በሚል አንድ ስም ሥር የተከማቹትን ዓሦች የለየቻቸው በልጅ አስተዳደጋቸው ነው። እንቁላላቸውን መሬት ላይ ጥለው የሚጠብቁትን ቲላፒያ ብላ ተወቻቸው፤ ወንዱ ወይም ሁለቱም ወላጆች በአፋቸው የሚይዙትን ሳሮቴሮዶን፣ እናቲቱ ብቻዋን የምትይዝባቸውን ኦሪዮክሮሚስ አለች። ዋና ሥራዋ በ1983 ሲታተም ዕድሜዋ ከ80 አልፎ ነበር፤ በዚያው ሥራ ውስጥ የደናክል ጨዋማ ሐይቅ ትንሽ ዓሣ ዳናኪሊያም ቦታ አግኝቷል። እንቁላላቸውን መሬት ላይ የሚጥሉት ግን ሲመረመሩ አንድ ቤተሰብ ሆነው አልተገኙም፤ መሬት ላይ መጣል ጥንት ሁሉም ያደርጉት የነበረ ስለሆነ፣ ያንን ይዞ መቆየት ዝምድናን አያሳይም። የሄኒግ መርሕ ይህን አስቀድሞ ይተነብይ ነበር፤ በ2013 የዲኤንኤ ጥናት ክምችቱን እንደገና በተነውና አንዳንዶቹ ኮፕቶዶን የሚል ስም ወሰዱ።

የዋሻ ዓሣውን ታሪክ በአጭሩ ልንካው። በ1936 ከሜክሲኮ ዋሻ የወጣ ዓይን አልባ፣ ቀለም አልባ ዓሣ «ዓይን የለሽ ዓሣ» የሚል ትርጉም ያለው የራሱ የወገን ስም፣ ማለትም የቅርብ ዘመዳም ዝርያዎች በጋራ የሚጠሩበት ዓይነት ስም፣ ተሰጠው። ቆይቶ ከዋሻው ውጭ በወንዙ ከሚኖረው ባለ ዓይኑ አስቲያናክስ ጋር ያለ ችግር እንደሚራባ ታወቀና ልዩ ስሙ ተሻረ። ከሁሉ የሚገርመው፣ ከተለያዩ ዋሻዎች የመጡ ሁለት ዕውር ወላጆች ሲዳቀሉ ከልጆቻቸው አንዳንዶቹ የሚያዩ ሆነው መወለዳቸው ነው። በየዋሻው የተበላሹት ዘረመሎች የተለያዩ ስለሆኑ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላዋል። የዕውርነት መልካቸው አንድ ሲሆን የመጡበት መንገድ ብዙ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ጣና ልምጣ፤ የዚህ ሙያ ፈተና በሙሉ እዚያ አንድ ሐይቅ ውስጥ ተሰብስቦ ይገኛልና። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ሰፊ ግን ጥልቀቱ እምብዛም የሆነ ሐይቅ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ስፍራ 14 ሜትር ገደማ ነው። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ ጢስ ዓባይ ላይ 40 ሜትር የሚያህል ገደል ይወርዳል፤ ያንን ፏፏቴ ከታች ወደ ላይ የሚያልፍ ዓሣ የለም። በታችኛው ናይል አዳኝ ሆነው የሚኖሩት እንደ ናይል ፐርች ያሉት ሁሉ ስለዚህ ጣና አልደረሱም። የአዳኝነቱን ሥራ ማን ይሥራው? አምባዛ የድርሻውን ይሠራል፤ ዋናውን ቦታ የያዙት ግን ትልልቆቹ የላቤዎባርበስ ዓሦች ናቸው።

ይህን ስትሰሙ ነገሩ ለምን እንደሚያስገርም ላስረዳ። ላቤዎባርበስ የካርፕ ዘመድ ነው። መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ የያዘውን ዓሣ አፉ ውስጥ የሚያቆይበት መንጠቆ የለውም ማለት ነው። ጨጓራም የለውም፤ ምግቡ ከጉሮሮ በቀጥታ ወደ አንጀት ይገባል። የጉሮሮው መክፈቻም ጠባብ ስለሆነ ትልቅ ነገር አያሳልፍም። በዚህ ሁሉ ጉድለት ላይ በጣና ከተለዩት 15 ዝርያዎች ስምንቱ ዓሣ አዳኞች ናቸው፤ ከካርፕ ዘመዶች መካከል ይህን የመሰለ ነገር እምብዛም አይገኝም። አንዱ አፉ እስከ ዓይኑ ሥር የተሰነጠቀ ሆኖ ያባርራል፤ ሌላው ጭንቅላቱ ሾጥጦ፣ አካሉ ቀጥኖ በክፍት ውኃ ያድናል፤ ሌላው ከንፈሩ ወፍሮ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ያለውን ነፍሳት ይስባል። ገና ትንንሽ ሳሉ ግን እርስ በርሳቸው እጅግ ስለሚመሳሰሉ፣ አንድ ጣት የምታህለውን ይዛችሁ የትኛው እንደምትሆን ብትጠይቁኝ መልስ አይኖረኝም።

እነዚህን ዓሦች ለሳይንስ መጀመሪያ የገለጻቸው በ1830ዎቹ ወደ አገራችን የመጣው የፍራንክፈርቱ ኤዱዋርድ ሩፔል ነው። በ1835 ከጣና ዓሦች ሁለት የወገን ስም አወጣ፤ ከንፈረ ወፍራሙን ላቤዎባርበስ አለው፣ በጠንካራ የከንፈር ጠርዝ አልጌ የሚፍቀውን ደግሞ ቫሪኮራይነስ አለው። ለንደን ተቀምጦ ከ1,000 በላይ የዓሣ ዝርያዎችን የሰየመው ጆርጅ ቡላንጀርና ከእርሱ በኋላ የመጡ ጣሊያናውያን በስሙ ላይ ስም ጨመሩ፤ አፉ ትንሽ ዘወር ያለው ሁሉ አዲስ ዝርያ የሚሆንበት ዘመን ነበር። በ1973 ደግሞ ኪት ባኒስተር የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ትልልቅ ባርበሶች (የጣናዎቹም ያኔ የሚጠሩት በዚህ ስም ነበር) ሲመረምር በመካከላቸው ግልጽ ወሰን ስላላገኘ ብዙዎቹን ስሞች ሽሮ አብዛኛውን በአንድ ዝርያ ጠቀለለው። መልካቸው ቢለያይም አንድ ናቸው አለ።

የባኒስተርን ፍርድ ስሕተት ለማለት አልደፍርም። በማስቀመጫ ዕቃ ውስጥ ያለ ዓሣ የት እንደተያዘ፣ ምን እንደበላ፣ መቼና ከማን ጋር እንደተራባ አይናገርም፤ እርሱ በእጁ በነበረው ማስረጃ ፈረደ። ነገሩ የተለወጠው በ1990ዎቹ ከኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡት ሊዮ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ሐይቁ ድረስ ወርደው ሲሠሩ ነው። በ1994 ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር 14 መልከ ዓይነቶች መለየታቸውን አሳወቁ፤ ቃሉን ያጤኗል፣ ዝርያ አላሉም። አንጀታቸውን ከፍተው ምግባቸውን አዩ፣ በሐይቁ ውስጥ የሚያዘወትሩበትን ስፍራ መዘገቡ፣ የሚራቡበትን ጊዜና ወንዝ ተከታተሉ። በክረምት ውኃው ሲሞላ የተወሰኑት ወደ ጉማራ፣ ወደ መገጭና ወደ ሌሎቹ ገባር ወንዞች ወጥተው በጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ፤ ጊዜያቸውንም ሆነ ቦታቸውን በመጠኑ ይከፋፈላሉ። ሌሎቹ ጨርሶ ወደ ወንዝ ሲወጡ አይታዩም። በ2000 ተመራማሪዎቹ መልከ ዓይነቶቹ ዝርያዎች ናቸው ብለው ጻፉ፤ አንዱንም አዲስ ብለው ሰየሙ።

ዲኤንኤው ይፍረድ የሚል ሰው ይኖራል። ጠየቅነው፤ እጥር ምጥን ያለ መልስ አልሰጠም። የእንስሳት ዝርያ ለመለየት የተለመደው 650 የዲኤንኤ ፊደል ገደማ የሚሆነው፣ ኃይል ከሚያመነጨው የሕዋስ ክፍል ከሚቶኮንድሪያ የሚወሰደው ቁራጭ በጣናዎቹ ላይ ብዙም አይረዳም፤ አንዱ ዝርያ የያዘው ፊደል በሌላውም ውስጥ ይገኛል። ምክንያቱ የዕድሜ ማነስ ነው። ከሐይቁ ሥር የወጣ ደለል እንደሚያሳየው ጣና ከ16,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር፤ ያ ጊዜ ለአፍ ቅርጽ በቂ ሲሆን ለእንዲህ ያለው ዘረመል መለያየት አጭር ነው። ሌላም አለ፤ ተራው የካርፕ ዘመድ 50 ክሮሞሶም ሲኖረው ላቤዎባርበስ 150 ገደማ አለው፤ ከእያንዳንዱ ስድስት ስድስት ስለሆነ የትኛው ፊደል ከየትኛው ቅጂ እንደመጣ መለየት ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው።

ቪክቶሪያ ሐይቅም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። እርሱም ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር፤ እንደገና ከሞላ በኋላ ከ500 የሚበልጡ የሲክሊድ፣ ማለትም የቆሮሶ ዘመድ የሆኑ ዓሦች፣ ዝርያዎች ወጥተውበታል። በ2017 የታተመ ጥናት ይህ ሁሉ ብዛት መነሻው ሐይቁ ከመድረቁ አስቀድሞ ከኮንጎና ከላይኛው ናይል በመጡ ሁለት ሐረጎች መካከል የሆነ መዳቀል መሆኑን አሳየ። ዛፍ የሚመስለው የዘር ሐረግ ሥዕላችን ለእንዲህ ያለው ነገር አይበቃም፤ ቅርንጫፎቹ ተመልሰው ይገናኛሉ። ሴቶቹ ባላቸውን የሚመርጡት በቀለም ስለሆነ፣ ውኃው በደፈረሰበት ስፍራ ሁለት ዝርያ የነበሩት ተቀላቅለው አንድ ሲሆኑም ታይቷል። እዚያ ዝርያን ከዝርያ የሚለየው ግድግዳ ብርሃን ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

የሩፔል ሁለት ስሞች መጨረሻ ምን ሆነ? የፋቂው አፍ በአፍሪካ ወንዞች ውስጥ ደጋግሞ፣ በተለያየ ሐረግ እንደተፈጠረ ሲታወቅ ቫሪኮራይነስ የሚለው ስም መቆሚያ አጣ፤ በ2016 በላቤዎባርበስ ውስጥ ተጠቃለለ። ዛሬ በዚህ ስም ከ100 በላይ ዝርያዎች ይጠራሉ፤ አብዛኞቹም ለስሙ መነሻ የሆነው ወፍራም ከንፈር የላቸውም።

የስሞቹ ሁሉ ዋስ የሆኑት ናሙናዎች በሙዚየም መደርደሪያ ላይ ናቸው። ሩፔል የወሰዳቸው ፍራንክፈርት በሚገኘው ዜንከንበርግ ሙዚየም ተቀምጠዋል፤ አንድ ስም ለየትኛው የጣና ዓሣ እንደሚገባ ክርክር ሲነሣ ማመሳከሪያው የዘመኑ ዓሣ ሳይሆን ያ አሮጌ ናሙና ነው። የሚገርመው፣ ፎርማሊን ለአካል ማቆያነት መዋል የጀመረው በ1890ዎቹ ስለሆነ የሩፔል ዓሦች የተቀመጡት በአልኮል ብቻ ነው፤ ፎርማሊን ደግሞ ዲኤንኤን ክፉኛ ያበላሻል። ስለዚህ ዛሬ በላቦራቶሪ ከአንዲት የሥጋ ቅንጣት ላይ ፊደል ለመልቀም የሚሞክር ሰው ከመቶ ዓመት በኋላ ተይዘው ፎርማሊን ውስጥ ከተዘፈቁት ይልቅ ሩፔል በ1830ዎቹ ከጣና ያወጣቸውን ቢመርጥ ይሻለዋል።